ምንጩ ያልታወቀ እልኽ

መጋረጃው ጥቁር ነው፣ ሻጩ ብርሃን አያሳልፍም ብሎኝ ነበር፣ ግን ያሳልፋል፣ ከላይ በኩል ጣት የምታህል ብርሃን ጣራው ላይ ተጋድማለች፣ ሰኔ ነው፣ እዚህ ስኮትላንድ በሰኔ ፀሐይ መጥለቅ የሚባለውን ነገር ትረሳዋለች፣ እኔ ደግሞ ናይት ሠርቼ ጠዋት የምገባ ሰው ነኝ፣ ሌላው ሲነሳ እተኛለሁ፣ ማለቴ እጋደማለሁ፣ መተኛትማ ከፋሲካ ወዲህ የት አለና። ስታበርን። ይኸው ደግሞ መጣች። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው ይህች የእንግሊዝኛ ቃል ናት፣ እልኸኛ፣ ግትር፣ ችኮ፣ የፈለግከውን በላት፣ አባዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፎ ከሥሯ ሁለት ጊዜ የሚያሰምርባት ቃል። ከፋሲካ ወዲህ አባዬ አያናግረኝም። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ይቅርታ እንድጠይቀው፣ እኔም የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ይቅርታዬን እንዲሰማ ስልኩን እንዲቀበል፣ ታዲያ ካልተቀበለ በምን በኩል ልጠይቀው። እማዬን ስጠይቃት እልኹን ታውቀው የለ ትለኛለች። አውቀዋለሁ እንጂ።

ነገሩ የተጀመረው በማይረባ ነገር ነው። የፋሲካ ዕለት ደወልኩ፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን፣ እማዬ ዶሮው በርበሬ በዛበት ብላ እኔ የምበላው ይመስል ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ አባዬ ስልኩን ተቀበላትና ሥራ እንዴት ነው አለኝ። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ ሀበሻው ሁሉ ኬር የሚለው፣ ሀበሻው ሁሉ ስል ሌላ ከተማ ያለውን ማለቴ ነው፣ እዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ከእኔ በቀር ሀበሻ የለም፣ አንድ ኤርትራዊ ነበር፣ እሱም ብርዱን ሸሽቶ ወደ ሊድስ ሄደ። ሥራ ደህና ነው አልኩት፣ ለወሬ ያህል ደግሞ፣ ስታበርን ብሎ መጻፍ ከልክለውናል አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሥልጠናው ላይ ነግረውናል፣ አንድ አዛውንት መድኃኒቴን አልውጥም ቢሉ፣ ካልሲዬን አላወልቅም ቢሉ፣ ስታበርን ናቸው ብሎ መመዝገብ ነውር ነው፣ አልፈለጉም ተብሎ ነው የሚጻፈው። አባዬ ሳቀ። ሲስቅ መጨረሻው ላይ ያስለዋል። ታዲያ ጉቶውን ምን ሊሉት ነው አለ።

ጉቶውን ሐረር የተማረ ሰው ያውቀዋል፣ ቢያንስ በአባዬ እጅ ያለፈው ሁሉ። ስታበርን ላይ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጥና ክፍሉን በሙሉ ወደ ውጭ ይነዳል። ከሽንት ቤቱ ጀርባ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አለ፣ ከሶፊ ገጠር የሚመጡትን ልጆች፣ ከአባቶቻቸው ጋር ጫት ሲኮተኩቱ ያደጉትን ጉልበተኞች፣ በሉ ጎትታችሁ ንቀሉት ይላቸዋል። ይጎትታሉ፣ ያልባቸዋል፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ጉቶው ወይ ፍንክች። ይኸውላችሁ ይላል አባዬ እሱ የጎተተ ይመስል እጁን እያራገፈ፣ እንግሊዞች ጉቶን ስተብ ይሉታል፣ ስታበርን ከዚህ መጣች፣ ላዩን ቆርጠህ ጨርሰህ እንኳ ከዚህ አልሄድም የሚልህ ነገር ናት። እኔም ተማሪው ነበርኩ፣ እኔም ጎትቻለሁ፣ ልጁ ስለሆንኩ እንዲያውም ከሁሉ በላይ እኔን ነው ያስጎተተኝ። ሸዋ በር ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋ ሲባል አልጠጋም የሚል ተሳፋሪ ካጋጠመ ረዳቱ አንተ ጉቶ ሲለው ሰምቻለሁ፣ ረዳቱን ማን እንዳስተማረው ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም።

እና እኔ ምን እንዳቅበጠበጠኝ አላውቅም። ቃሏን ሥራ ላይ ስለከለከሏት ያን ሰሞን ስልኬ ላይ ፈልጌ አይቻት ነበር። አባዬ፣ የጉቶው ነገር እርግጠኛ አይደለም አልኩት። ምኑ አለ። ምንጩ አይታወቅም ነው የሚለው መዝገበ ቃላቱ፣ ከጉቶ መጣች የሚሉ አሉ፣ ግን ማስረጃ የለም ይላል አልኩት። የማን መዝገበ ቃላት ነው አለ። የራሳቸው የእንግሊዞቹ አልኩት። እና የገዛ ቃላቸው ከየት እንደመጣች አያውቁም አለ። አያውቁም አልኩት። እሺ አለ። እሺ ብቻ ብሎ ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። ይቺን እሺ ነው እስከ ዛሬ የማገላብጣት፣ የተቆጣ ሰው እሺ ናት፣ የደከመው ሰው እሺ ናት፣ ወይስ ምሳው ቀርቦለት እጁን ሊታጠብ ነው፣ እኔ ነኝ ነገር የምፈልግባት፣ ግን ለምንድን ነው አንድ ጊዜ እንኳ ሳቅ ብሎ አንተ ደግሞ ያላለኝ፣ ለምንድን ነው እኔስ ዝም ያላልኩት፣ ጉቶው ከየት እንደመጣ ባይታወቅ ማን ይሞታል።

ከዚያ በኋላ ጠፋ። ስደውል ተኝቷል፣ ስደውል ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ስደውል አሁን ገና ወጣ አለ። እማዬን ምስል አብሪ እላታለሁ፣ የስልኩ ካሜራ ተሰንጥቋል ትላለች። አንድ ቀን ምን ሆኖ ነው የማያናግረኝ ብዬ ስጨቀጭቃት ተቋርጦ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ፣ ከዚያ፣ ተቀይሞሃል አለችኝ፣ ያን ቀን በተናገርከው። በቃሏ? አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ልጄ ውሸት ነው አለኝ ብሎ ነው አለች፣ እልኹን ታውቀው የለ። እፎይ አልኩ። ለምን እፎይ እንዳልኩ ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅኩም። ሌላ መዝገበ ቃላት አይቻለሁ፣ ጉቶው ሊሆን ይችላል የሚል አግኝቻለሁ በይልኝ አልኳት። እውነቴን ነው ፈልጌ አግኝቻለሁ፣ ሊሆን ይችላል፣ ይቻላል፣ ማን ያውቃል የሚል። እሺ እነግረዋለሁ አለችኝ፣ ድምፅዋ እንደ ሳቅም እንደ ሌላ ነገርም ሆነ። በነጋታው ምን አለ ስላት፣ ነገርኩት፣ ዝም አለኝ አለች።

እልኸኛ ስለመሆኑ ማስረጃ ፈልግ ብባል ደግሞ ሳልጨርስ ይመሽብኛል። ከጎጃም ተመድቦ ሐረር ሲገባ ገና ፂሙን በወጉ ያላበቀለ መምህር ነው፣ ሱሪ ሊያሳጥር መኪና ግርግር ይሄዳል፣ ያ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ያሳጠረለት ሰው ጋሽ ዐብዱልመጂድ ነው፣ ያን ጊዜ እሱም ጋሽ አልነበረም፣ ተግባብተው ለዓርብ ቤቱ ጀጎል ጠራው። የሐረሪ ቤት እንደምታውቀው፣ ማንን ነው እንደምታውቀው የምለው፣ ወለሉ መደብ በመደብ ነው፣ ነደባ ይሉታል፣ ሁሉም ደረጃ አለው፣ እንግዳ የሚቀመጥበት አለ፣ ልጆች የሚቀመጡበት አለ፣ አንዷ ግን በሩን የምታየዋ የአሚር ነደባ ናት፣ የቤቱ አባወራ ካልሆነ ማንም አይቀመጥባትም። አባዬ ጫማውን አውልቆ ገብቶ እሷ ላይ ተደላደለ። ትንሽ ቆይቶ የዐብዱልመጂድ አባት ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ የማያውቁት አማራ ቦታቸው ላይ ተቀምጦ አገኙ። ዐብዱልመጂድ በጆሮው ነገረው። ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ ይነሳል። አባዬ ግን፣ አንዴ ተቀምጫለሁ፣ አሁን ብነሳ አውቄ የተቀመጥኩ ይመስልብኛል ብሎ እዚያው ቀረ። ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ስቀው የእንግዳው መደብ ላይ ተቀመጡ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት አባዬ እዚያ ነው፣ በወተት የፈላ ሆጃውን ይዞ ያችው መደብ ላይ፣ ሽማግሌው ካለፉም በኋላ፣ ዐብዱልመጂድ ራሱ አባወራ ከሆነም በኋላ። ታዲያ ከሰው አባት ወንበር ያልተነሳ ሰው ለልጁ ስልክ ባያነሳ ምን ይገርማል እላለሁ፣ እንዲህ እያልኩ ራሴን አስረዳለሁ፣ ጎኔን እገለብጣለሁ፣ ብርሃኗ አሁን ቁምሳጥኑ ላይ ደርሳለች።

ሄጄ እግሩ ላይ ብወድቅ ያበቃ ነበር። መሄድ አልችልም፣ ፓስፖርቴ ከመኖሪያ ፈቃድ እድሳቱ ጋር የገባበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ ስደውል ማሽን ነው የሚያናግረኝ፣ ጥሪዎ አስፈላጊያችን ነው ይልና ዋሽንት ይነፋልኛል፣ ዋሽንቱ ሲያበቃ ሰው ይመጣል ስል መልሶ ማሽኑ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ሰው አገኘሁ፣ ሴትዮዋ ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው አለችኝ፣ እስከ መቼ ስላት በሂደት ላይ ነው አለችኝ። እማዬ ይሄን ታውቃለች። መውጣት እንደማልችል ነግሬያታለሁ፣ ብወጣ መመለሻ እንደሌለኝ ነግሬያታለሁ፣ ምነው ባልነገርኳት ኖሮ።

ሥራ ቦታ ደግሞ ሚስተር ዳግላስ አሉ። ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፣ እጃቸው አሁንም የገመድ ጠባሳ አለበት፣ ብዙ ነገር ረስተዋል፣ ሚስታቸው ማርጋሬት እንደሞተች ረስተዋል። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጡና ማርጋሬት ሳትመጣ አልተኛም ይላሉ፣ አልፈለጉም ብዬ እመዘግባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አላወቅኩምና ባለቤትዎ እኮ አርፈዋል አልኳቸው፣ ፊታቸው ምን እንደሆነ መናገር አልፈልግም፣ እንደ አዲስ ነው የሰሙት፣ ነርሷ ወደ ኮሪደር ጠርታ፣ አንተ ስትነግራቸው ሁልጊዜ ዛሬ ነው የምትሞትባቸው አለችኝ። ትንሽ ዘግይታ ነው በላቸው አለችኝ። እላቸዋለሁ። ትንሽ ዘግይታ ነው ሚስተር ዳግላስ፣ አውቶቡስ ጠፍቶ ነው፣ ዝናብ ይዟት ነው። ደስ ይላቸዋል፣ አንዳንዴ ይቺ ሴትዮ አታፍርም ይላሉ፣ ይተኛሉ። ጥሩ ውሸታም ወጥቶኛል። ጠዋት ቤቴ ገብቼ እማዬ ጋ እደውላለሁ፣ እማዬም ወጣ ብሏል ትለኛለች፣ ትንሽ ዘግይቶ ነው ትለኛለች፣ አንድ ቀን በእሷ ድምፅ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ አይደለም አልኩ። አይደለም፣ እልኸኛ ነው።

ቆይ፣ ያ የሰው ጫጫታስ። ግንቦት ውስጥ ነው፣ ስደውልላት ከኋላዋ ብዙ ሰው ይሰማል፣ ሳህን ይንኳኳል፣ አንድ ቄስ የመሰለ ድምፅ አለ፣ ምንድን ነው እማዬ ስላት የማኅበር ተራዬ ደርሶ ነው አለችኝ፣ ስልኩን ቶሎ ዘጋችው። የእማዬ ማኅበር የማርያም ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማርያም ነው፣ ቀኑ ግን ማርያም አልነበረም፣ ስልኬ ላይ ደጋግሜ አየሁት፣ እዚህ ሆኜ ቀን ተምታታብኝ አልኩ፣ ናይት የሚሠራ ሰው ቀን ቢምታታበት አይፈረድበትም። ተዝካር የሚለው ቃል በአእምሮዬ ሊመጣ ሲል፣ ስታበርን፣ ስተብ፣ ጉቶ፣ ምንጩ አይታወቅም ብዬ አባረርኩት። ይቺ ቃል ለዚህ ትጠቅመኛለች። ሌላ ቃል እንዳይገባ በሩ ላይ አቆማታለሁ።

እና ባለፈው ሳምንት ለጋሽ ዐብዱልመጂድ ደወልኩ። እሳቸው ወላሂ ሳይሉ ሰላምታ እንኳ አይሰጡም፣ ወላሂ ናፍቀኸኛል፣ ወላሂ ይሄ ጨርቅ አይለቅም፣ ወላሂ ትናንት ሐሚዳ ጨው የበዛበት ወጥ ሠራች፣ ሐሚዳ ሚስታቸው ናቸው፣ ለጨው ሁሉ አላህን እንዲህ አታስመስክር ብለው ይቆጧቸዋል። አነሱ። አቦ ሚኪያስ፣ ልጄ፣ ወላሂ ድምፅህን ስሰማ ደስ አለኝ አሉ፣ የልብስ ስፌት ሲንጀራቸው ከኋላ ሲጮህ ይሰማኛል፣ አቆሙት። ስለ ሥራ ጠየቁኝ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ፣ ሱቃቸው ፊት ለፊት ስለሚቆፈረው መንገድ ሲያወሩ ሁለት ጊዜ ወላሂ አሉ፣ እየቆጠርኩ አልነበረም፣ አሁን ነው የማስታውሰው። ከዚያ አባዬ እንዴት ነው አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ዐላ ኩሊ ሓል አሉ። ትርጉሙን አውቃለሁ፣ እዚያው ሰፈር አይደል ያደግኩት፣ በየትኛውም ሁኔታ ምስጋና ለአላህ ማለት ነው፣ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ዓርብ ዓርብ ይመጣል? አልኳቸው። ቦታው ቦታው ነው አሉ፣ ማንም አይቀመጥበትም። ጋሽ ዐብዱልመጂድ፣ አባዬ ተቀይሞኝ ነው የማያናግረኝ? አልኳቸው። እናትህ ነገረችህ አይደል አሉ። ነገረችኝ፣ እርስዎ ደግሞ ወላሂ ተቀይሞህ ነው ይበሉኝ አልኳቸው።

ሲንጀሩ አንዴ ጮኸና ቆመ።

ወላሂ ይበሉኝ፣ በቃ፣ ሌላ አልጠይቅም አልኳቸው። ልጄ፣ አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ፣ ልጄ፣ ይሄን እናትህን ጠይቃት፣ እኔን አታስምለኝ፣ አሉ። ከዚያ ኔትወርኩ አሉ፣ ኔትወርኩ ምንም አልሆነም፣ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር፣ ስልኩን ዘጉት።

ለጨው የሚምሉት ሰው። ታዲያ ገብቶሃል አይደል ትሉኝ ይሆናል፣ ማን እንደሚለኝ እንጃ፣ ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ገብቶኛል፣ አልገባኝም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ በጠዋት መጥተው ከግራ ከቀኝ ይይዙሃል፣ አንድ ትልቅ ሰው ይናገራል፣ ስትወድቅ የሚይዝህ ሰው አለ፣ ውሃ የሚረጭብህ አለ፣ አብሮህ የሚጮህ አለ። እኔን ማን ይያዘኝ፣ የታችኛው ቤት ሴትዮ የምታውቀኝ ሰማያዊውን ቆሻሻ መጣያ በአረንጓዴው ቀን ባወጣሁ ቁጥር ስታስተካክለኝ ነው። እማዬ ይህን ሁሉ አስባዋለች። ልጄ ብቻውን ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ ሲወድቅ ታይቷታል። ስለዚህ አባዬን አስቀየመችው፣ ሌላ ምን ታድርግ። እና እኔ ዛሬ እማዬ ነገርኩት፣ ዝም አለኝ ያለችውን ተኝቼ አስባለሁ፣ የት ሄዳ ነው የነገረችው፣ ቤት ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ቦታ፣ ምን አድርጋ ነው የነገረችው፣ ተንበርክካ ነው፣ አይ፣ አይደለም፣ ሰውዬው አኩርፎ ነው፣ ሶፋው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ሬዲዮ እየሰማ ነው ዝም ያላት፣ ሬዲዮውን ሲሰማ ሁልጊዜም ዝም ይላል። እናደዳለሁ፣ እወደዋለሁ፣ ይናፍቀኛል። ካልነገሩኝ አልሞተም። ማንም እስካልነገረኝ ድረስ አባቴ እልኸኛ ሰው ብቻ ነው።

ትናንት ነው ወይስ ከትናንት ወዲያ እማዬ አድራሻህን አጥርተህ ላክልኝ አለችኝ፣ ዐብዱልመጂድ ዕቃ ሊልክልህ ነው፣ ደግሞ ሥራ የማትገባው መቼ ነው አለችኝ። ለዕቃ ምን ያደርጋል አልኳት። ተቀባይ ከሌለ ይመለሳል ይባላል አለች። ቅዳሜ ሌሊት ገብቼ እሑድ ጠዋት ቤት ነኝ፣ ከዚያ ሁለት ቀን አልገባም አልኳት። ሐላዋ ይሆናል አልኩ፣ ጀጎል የሚሠራውን፣ ወይም ቡና። ዛሬ እሑድ ነው።

ደወሉ ጮኸ። በመጋረጃው ጥግ አያለሁ። አንድ ታክሲ ቆሟል፣ የግላስጎው ምልክት አለበት፣ ከበሩ ፊት ሁለት ሰዎች አሉ፣ አንዱ ጸጉሩ ሸብቶ ኮፊያ ያደረገ፣ አንዷ ጥቁር ካፖርት የለበሰች ትልቅ ሴት፣ ከፌስታሏ ውስጥ የነጠላ ጫፍ ወጥቷል። ሌላ ዕቃ አልያዙም። ሀበሻ ናቸው። እዚህ ከተማ ሀበሻ የለም። አልወርድም አልኩ፣ ደወሉ እንደገና ጮኸ፣ ደገሙት፣ የታችኛዋ ሴትዮ መስኮቷን ስትከፍት ሰማሁ፣ ይሉኝታ ገፍቶኝ ወረድኩ።

ሰላም ነህ ሚኪያስ አለኝ ሰውዬው፣ ኢሳም እባላለሁ፣ የዐብዱልመጂድ የእህት ልጅ ነኝ አለኝ። ሴትዮዋ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ናቸው፣ ግላስጎው ያለው የኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያገለግሉ። እርስ በርሳቸው የተዋወቁት ዛሬ ጎህ ሲቀድ ታክሲው ውስጥ ነው። ግቡ ግቡ አልኳቸው። ኩሽናዬ ውስጥ ሁለት ወንበር ነው ያለው፣ አስቀመጥኳቸው፣ ሻይ ጣድኩ። መንገዱ እንዴት ነበር አልኩ። ኢሳም ደህና ነበር አለ፣ እና ወይዘሮዋን አየ፣ ወይዘሮዋም ኢሳምን አዩት። እንቁላል ልጥበስላችሁ አልኩ። አንፈልግም አሉ። እኔ እፈልጋለሁ አልኩ፣ አልፈለግኩም፣ ጠበስኩ። ኢሳም ጉሮሮውን ሲጠርግ ስኳር ስንት ላድርግ አልኩት። ወይዘሮዋ ልጄ ሲሉኝ ቤንዚን እንዴት ተወደደ እናንተ ጋ አልኩ። ግላስጎው ዝናብ አለ ወይ አልኩ፣ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው፣ እዚህ የለም፣ ደረቅ ነው፣ እንግዲህ ሰኔ ነው፣ ሐረር አሁን ክረምት ሊገባ ነው አልኩ። ሻዩ ገንፍሎ ጋዙ ላይ ፈሰሰ።

ሚኪያስ፣ ወንድሜ፣ ቁጭ በል እስቲ፣ አለኝ ኢሳም።

ወንበር የለም አልኩት። ሁለት ብቻ ነው፣ ብቻዬን ስለምኖር፣ አንዱንም በነፃ ነው ያገኘሁት። ቆሜ ነው የሚሻለኝ። ኢሳም ተነሳ። ወንበሩን አዙሮ ከወይዘሮዋ አጠገብ አደረገልኝና ጋዙን አጠፋ፣ ትከሻዬን ያዘኝ፣ እጁ ከባድ ነው፣ ወላሂ እንደ ወንድሜ ነህ አለኝ፣ ከዚህ በፊት አይቶኝ የማያውቅ ሰው። ተቀመጥኩ።

አባትህ አርፈዋል ልጄ፣ አሉ ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ ሌላውን እጄን ይዘው። ዳግማ ትንሣኤ ዕለት፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ በድንገት ነው፣ ምንም አልተሰቃዩም።

አልጮህኩም። የጠበቅኩት ሌላ ነው፣ እወድቃለሁ ብዬ ነበር፣ አልወደቅኩም፣ እንቁላሉ መጥበሻው ላይ አለ። ተቀይሞኝ ነበር? አልኳቸው። ተያዩ። ኢሳም አጎቴ እንጂ እኔ አላውቃቸውም አለ፣ ከሐረር ከወጣሁ ብዙ ጊዜዬ ነው አለ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ወይዘሮዋም ደሴ ነው የተወለዱት፣ ሐረርን ረግጠዋትም አያውቁ። ይህ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር አባዬን አንድ ጊዜ እንኳ ያየው ሰው የለም፣ ሲስቅ እንደሚያስለው የሚያውቅ የለም፣ መቀየም አለመቀየሙንማ ማን ይንገረኝ፣ እማዬ ብትነግረኝ እንኳ አሁን የትኛውን እንደማምናት እንጃ። ግራ ገባኝ፣ ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ሆነ፣ ለምን ይህ እንደሆነ አላውቅም።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት ነጠላቸውን ከፌስታሉ አውጥተው ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ለበሱ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ቀረብ አሉ፣ አፈሩ። ልጄ፣ አሉኝ ቀስ ብለው፣ ስማቸውን አልነገሩኝም፣ የሐረሩ መምህር ብቻ ነው ያሉኝ፣ ማን ብዬ ላልቅስላቸው?

ሥራዬ፣ አልኩ። መምህር ሥራዬ።

ጋሽ ሥራዬ፣ አሉ፣ ድምፃቸው ኩሽናውን ሞላው፣ ጋሽ ሥራዬ፣ ዕድሜ ልካቸውን አጥር የተጋሩት ጎረቤት ይመስል፣ ጋሽ ሥራዬ። አቤት እንዲል ጠበቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ።